ዋስ ያለው ሸክላ

ቅዳሜና እሁድ ሥራዬ ሰው ከሰው እንዳይጋጭ መጠበቅ ነው። ገርጂ ባለው የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ከመጨፈሪያው ጠርዝ እቆማለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ይጨፍራል። ሁሉም በጆሮው ምቹ የሚባለውን ማዳመጫ ሰክቷል፣ ሁሉም የሚሰማው የየራሱን ነው። አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ አጠገቡ ያለው ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ ሚስት ዘላ ስትወርድ ባል ገና ሊነሳ ነው። ምቹ ላላደረገ ሰው የሚሰማው የጫማ ኮቴና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው። እኔና ባልደረባዬ በረከት ክርን የሚወረውሩትን ከአረጋውያኑ እናርቃለን፣ መሮጥ ያማራቸውን ወደ ግድግዳው በኩል እንመልሳለን፣ ሙሽሮቹ ለፎቶ ሲፈለጉ ጎናቸውን ነካ እናደርጋለን። ማዕረጋችን "የእንቅስቃሴ አስተባባሪ" ነው። ሰዉ ግን ትራፊክ ነው የሚለን።

ጭብጨባ የለም። ጭብጨባ እንዲኖር ቢያንስ ሁለት ሰው አንድ ምት መስማት አለበት።

ስሜ ቤዛዊት ነው። እኔ በተወለድኩበት ዘመን ሴት ልጅ ወይ ቤዛዊት ነበረች ወይ ሶልያና፣ ካልሆነ ፌቨን። ዛሬ እነዚህ የአሮጊት ስሞች ናቸው፤ የሰፈር ልጆች ስንጠራራ ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ስለ ምቹ ክፉ ክፉውን ብቻ ተናግሬ ውሸታም መባል አልፈልግም። ሲመጣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ድሮ ታክሲ ውስጥ የሾፌሩን ዘፈን በግድ እንሰማ ነበር። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ድምፅ ማጉያውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ለሰፈሩ ሁሉ ይጋብዝ ነበር፤ ራሱን ያመመው ሰው መሸሸጊያ አልነበረውም። ከዚያ ምቹ መጣና ከተማዋ ዝም አለች። የልብሽን ትርታ ይለካል፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደርሽ ያውቃል፣ ለዚያች ሰዓት ለአንቺ ብቻ የሚሆን ዘፈን ይሠራልሻል። ዘፈኑ ሲያልቅ ይጠፋል። ተመልሶ አይመጣም፣ ሌላም ሰው አልሰማውም። "ጆሮ የግል ነው" ይላል ማስታወቂያው። በዚህ ማን ይከራከራል።

ሕጉ የመጣው በኋላ ነው። ለሰው ዘፈን መጠቆም ምቹ የያዘውን የሰውየውን ልኬት ያዛባል ተባለ፤ የአድማጮች ጥበቃ ቢሮ የሚባል ነገር ተቋቋመ። ቢሮው ጨካኝ አይደለም። አሮጌ የዘፈን ሸክላ ካለህ ያንተ ነው፤ በርህን ዘግተህ ብቻህን ስማ፣ የሚነካህ የለም። የተከለከለው "ይሄን ስማው" ማለት ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ የለንም።

እኛ የምለው ማክሰኞ ማክሰኞ በምኖርበት በጀሞ ኮንዶሚኒየም ከሕንፃው ሥር ባለው የውሃ ፓምፕ ክፍል የምንሰበሰበውን ጥቂት ሰዎች ነው። የምንሰማው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፤ ድሮ ሰዎች ኮምፒውተር፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ፊት ቁጭ ብለው፣ እየሠሩ እያፈረሱ ያወጡት። በወጣትነታችን እናቶቻችን "ይሄ ምኑ ዘፈን ነው፣ ወፍጮ ቤት ነው እንጂ" ይሉን ነበር። ማሽን ወዳዶች ተብለን ተሰድበናል። ዛሬ ዘፈኑን ሁሉ ማሽን ብቻውን ሲሠራው፣ የሰው እጅ የነካውን ካልሰማን የምንል አስቸጋሪዎች ደግሞ እኛው ሆነን ቀረን።

ክፍሉም ማጫወቻውም የናታን ነው። ናታን የሕንፃዎቹ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጡረታው ደርሷል። ከልጅነታችን ጀምሮ ናቲ ነው የምለው፣ ሽበቱን እያየሁም ሌላ ስም አይመጣልኝም። ሸክላ ማጫወቻውን ከተሰባበሩ ማጫወቻዎች ለቃቅሞ የገጣጠመው እሱ ነው፤ ደንባችንንም የሚያስከብረው እሱ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው ዋስ ይባላል። መርፌው ከመውረዱ በፊት ናቲ "ዋሱ ማን ነው?" ይላል፤ ያመጣው ሰው "እኔ" ብሎ ይነሳና ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ አድማጮቹ አድርጎ ይቀመጣል። እስኪያልቅ አይናገርም፣ ጭንቅላቱንም አይነቀንቅም፤ እንዲወደድለት መለማመጥ ነውር ነው። ሲያልቅ ነቀፋ ይቀድማል። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ያልወደደውን ይናገራል። ሳያዳምጥ የሚያሞግስ ሞልቷል፤ ሳያዳምጥ ጉድለቱን ነቅሶ የሚያወጣ ግን የለም። ሸክላው ካልረባ ዋሱ ለአንድ ወር ወንበር ያጣል፣ ቆሞ ይሰማል። ከረባ ደግሞ "ከየት ሰማኸው?" ብሎ ለጠየቀህ ሁሉ፣ የትም ይሁን ማንም ይሁን፣ የዋስህን ስም ትጠራለህ። ዋሱን የካደ ሰው እኛ ዘንድ ከሌባ አይለይም።

ምቹ ዋስ የለውም። ዘፈኑ ቢያስጠላህ ማንን ትይዛለህ?

የኔን ሸክላ ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ማንቆርቆሪያዎች ሥር ነው። መሃሉ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጦ አልቋል፤ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ የሚናገር ነገር የለውም። ከባድ ማሽን ሲነሳ ይጀምራል፤ ዱግ ዱግ ይላል፣ ረጅም ጊዜ። ከሥሩ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይገባል። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ይልና ከሩቅ የብዙ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። ቃል የለውም። ጎርናና ነው፣ የትልልቅ ሰዎች ዋይታ፤ ቀስ ብሎ ይነሳና ክፍሉን ይሞላዋል።

መጀመሪያ ያሰማሁ ቀን ዋስ ነኝና ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ናቲ ሚስቱን ሶልያናን ከቀበረ ዓመት አልሞላውም። አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሲያልቅ በደንቡ መሠረት "መግቢያው ይረዝማል" አለና ፓምፑን አያለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስሙን "ለቅሶው" አልነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሲመጣ የምናሰማው እሱን ነው። ስንቱ ሰው በዚያ ሸክላ እንባውን ጨርሷል።

በረከትን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከምቹ በቀር ሌላ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ጠርዝ ላይ እንደቆምን አተኩሮ አየኝ።

"እትዬ ቤዛ፣ እርስዎ ምንድን ነው የሚሰሙት? እግርዎ እኮ ንቅንቅ አይልም።"

"ምንም። ሥራ ስገባ አጠፋዋለሁ።"

"እና ዝም ብለው ይቆማሉ? አይጨንቅዎትም?"

"ማክሰኞ ና፣ የሚጨንቀው የቱ እንደሆነ አሳይሃለሁ።"

መጣ። ለቅሶው ሲያልቅ ወለሉን እያየ፣ "መግቢያው ይረዝማል" አለ። ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ደንቡን ገና ማንም አልነገረውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ማንጎራጎር ጀመረ። ተው አላልኩትም። አንድ ቀን ሙሽራዋን ለፎቶ ሊጠራ ጎኗን ነካ ሲያደርጋት ያንጎራጉር ኖሯል። ምቹዋን አወለቀች።

"ምንድን ነው የምትለው? እስቲ ድገመው" አለችው።

ደገመላት። ባሏም አወለቀ። ሁለቱ ሙሽሮች መሃል አዳራሽ ላይ የአንድ ትራፊክ አፍ እያዩ ቆሙ፤ ትንሽ ቆይተው በእግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ፣ እኩል። ዙሪያቸውን የሚጨፍረው ሰው እየተጋፋቸው ያልፋል። እኔ ከጠርዝ ሆኜ አየሁ፤ እነሱን ማንም እንዳይገጫቸው ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ፤ እሱ ሥራዬ ነው። በዚያው ምሽት የበረከት ምቹ፣ ራሱ ያላዘጋጀውን ዜማ ባለቤቱ ሲያዜም እንደሰማ ለቢሮው አስታወቀ።

ቢሮው ጠራውና "ከየት ሰማኸው?" አለው።

"ዋሴ እትዬ ቤዛዊት ናቸው" ብሎ ቁጭ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን "እንጃ፣ ሰፈር ውስጥ" ይላል። በረከት ግን የትም ይሁን ማንም ይሁን ብለን ያስተማርነውን እንደ ቃሉ ወሰደው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መከሰሴን እኔ የሰማሁት ሕንፃው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ልጁ ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ምን አድርጌ ነው እትዬ ቤዛ? ደንቡ ቢሮውን ጭምር ይመለከታል ወይ ብዬ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር።"

"ያስተማርንህን ነው ያደረግከው። ግባ፣ ምሳ ብላ።"

ተናድጄበት ነበር። ኮርቼበትም ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ያኔም አላወቅኩ፣ አሁንም አላውቅም።

ቢሮው ችሎት የለውም፤ "የምክክር ክፍል" ነው የሚሉት። ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ ውሃ ይቀርባል። ሰብሳቢው ኪሩቤል የሚባል ትሁት ጎልማሳ ነው፤ ከጎኑ አንዲት የድምፅ ባለሙያ ተቀምጣለች። ናቲና በረከት ከኋላዬ ነበሩ። ከፓምፕ ክፍሉ የተወሰደው ማጫወቻችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሸክላዬ አጠገቡ።

"እናታችን፣ አይጨነቁ፣ ቅጣት አይደለም" አለ ኪሩቤል። "ሁለት መንገድ አለ። 'ይህ የግል ጣዕሜ ነው፣ ለማንም ዋስ አልሆንኩም' ይላሉ፣ ሸክላዎን ይዘው ይሄዳሉ፣ ቤትዎ ሆነው እስኪጠግቡ ይሰሙታል። ዋስ ነኝ ካሉ ግን ሸክላው ማሰራጫ ይሆናል። ማሰራጫ ይወገዳል።"

ግድግዳው ሥር ያለውን መፍጫ በእጁ አሳየኝ። ንጹሕ ነገር ነው፣ ድምፅም የለውም አለኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልዋሽ አልችልም፤ ልቤ ወደ ሸክላው ሄዷል። እንደሱ ያለ ሌላ የለም፤ ቢኖርም የት ተብሎ ይፈለጋል። ዓረፍተ ነገሯን በልቤ ሞከርኳት፤ የኮመጠጠ ነገር እንደመቅመስ ሆነብኝ።

"ከመወሰንዎ በፊት ማስረጃው መሰማት አለበት" አለች ባለሙያዋ። ምቹ ለየሰዉ አስተካክሎ ስለሚያሰማ፣ ማስረጃ ሲሰማ ሁሉም ማውለቅ ግዴታው ነው። አወለቁ። ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ምቹው የሚቀመጥበት ቦታ ነጣ ብሎ ክብ ሠርቷል። ኪሩቤል ጆሮውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ።

ባለሙያዋ ሸክላውን በኛ ማጫወቻ ላይ አላስቀመጠችውም። የራሷን አወጣች።

"ይህ ሸክላ በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው" አለች። "የእናንተ ማጫወቻ ሲመረመር በሠላሳ ሦስት ብቻ ነው የሚዞረው፤ ዘፈኑን ያዘገያል፣ ድምፁንም ያወፍራል። የፍጥነት መቀየሪያው ቁልፍ ተበይዶ ተዘግቷል።"

ከኋላዬ የናቲ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

መርፌውን አወረደችው። ከባዱ ማሽን ከባድ አልነበረም። ቀልጠፍ ያለ፣ ቱግ ቱግ የሚል፣ አስቂኝ የሚባል ነገር ነው። ቤዙ ዘለል ዘለል እያለ ገባ። ከዚያ እንደምናውቀው ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፣ ድምፁም መጣ፤ የትልልቅ ሰው ዋይታ አይደለም። ልጆች ናቸው። መዓት ልጆች፣ ከዚህም ከዚያም፣ በደስታ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ የሚጮሁ ልጆች።

"ወይ ጉድ" አለ ናቲ ቀስ ብሎ።

ጆሮዬ ጋለ። ያን ሁሉ ሐዘንተኛ አሰብኩ። ዓይናቸውን እየጠረጉ እጄን የጨበጡኝን ሰዎች አሰብኩ። በልጆች ሆታ ነው ያስለቀስናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኪሩቤል አልሳቀም፤ ይሄን ያህል ጨዋ ነው። "እንግዲህ ዋስ የሆኑለት ለቅሶ የሚባል ነገር የለም" አለ። "እናንተም የሰማችሁት የተዛባ ነው። ምቹ ቢያዛባ ለእርስዎ እንዲስማማ ብሎ ነው፤ የእናንተን ያዛባው የተበላሸ ቁልፍ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ለምን በማያውቁት ነገር ሸክላዎን ያጣሉ?"

ሸክላው መዞሩን አላቆመም፤ ልጆቹ ሁለተኛ ጊዜ ጮሁ። ይሄኔ ከጆሮዬ ይልቅ እግሬ አወቀው። ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ የነበርኩ፣ ድንገት የተነሳሁ መሰለኝ።

"ጄኔሬተር ነው" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"መጀመሪያ ላይ ያለው ማሽን። ጄኔሬተር ነው። ልጆቹ የሚጮሁት ደግሞ መብራት መጥቶ ነው።"

ባለሙያዋ ኪሩቤልን አየችው። ሁለቱም መብራት ሲጠፋ አይተው አያውቁም።

"እኔ ልጅ ሳለሁ መብራት ይጠፋ ነበር" አልኳቸው። "ሰፈሩ ሙሉ ድቅድቅ ይላል። ያለው ሰው ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ እኛ የሌለን ደረጃ ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። መብራቱ ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጮሃል። አንድ ሰው ያንን ቀድቶ ነው ሙዚቃ ያደረገው።"

"ማን አዘዛቸው?" አለ ኪሩቤል።

"ማንም።"

"ታዲያ ሁሉም እኩል እንዴት ጮሁ?"

"መብራቱ ለሁሉም እኩል ነዋ የሚመጣው።"

አሁን አፌ ተከፍቷል።

"ተሳስተናል፣ አልክድም" አልኩት። "ግን አብረን ነው የተሳሳትነው። ናቲ ያለቀሰበትን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እኔ የሰማሁትን ይሄ ልጅ ሰምቶታል፤ ሙሽራዋም ከእሱ ሰምታዋለች። ቁልፉ ሲበላሽ ለሁላችንም ነው የተበላሸው። እርስዎ ትናንት ማታ ምቹዎ ያሰማዎትን ዘፈን ባለቤትዎ ያውቁታል?"

ውሃውን አንስቶ ሳይጠጣ አስቀመጠው።

"ወይዘሮ ቤዛዊት፣ ዋስ ነዎት ወይስ አይደሉም?"

"ለየትኛው? ለለቅሶው ነው ለመብራቱ?"

"ለሸክላው።"

"ለሁለቱም ዋሱ እኔ ነኝ። አደራ ሁለቱም ይመዝገብልኝ።"

መፍጫው እውነትም ድምፅ የለውም። ሸክላዬ በአንድ በኩል ገባ፣ በሌላው በኩል እንደ ጥቁር ስኳር ሆኖ ወረደ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። በረከት ክንዴን ይዞ አስነሳኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ኪሩቤል ከኋላችን ድምፅ አሰማ። ምቹውን ገና አልሰካውም፤ መዳፉ ላይ ይዞት ቆሟል።

"መግቢያው ግን ይረዝማል" አለ።

ደረጃው ላይ ስንደርስ በረከት ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ፓምፕ ክፍል ተሰበሰብን። ማጫወቻው ተመልሶልናል፤ ሕጋዊ ዕቃ ነው። መጀመሪያ የተደረገው ጭቅጭቅ ነው።

"ሸክላው ላይ ፍጥነቱ ተጽፎ ነበር?" አለ ናቲ። "አልተጻፈም። ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ቀስ ብሎ መስማት ምን ነውር አለው?"

"ናቲ፣ ቁልፉን የበየድከው አንተ እኮ ነህ።"

"እየተላቀቀ አስቸግሮኝ ነዋ። ለሶሊ ያለቀስኩት በልጆች ሆታ ነው ማለት ነው።" ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እሱ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀና ሲል እየሳቀ ነው። "ብትሰማ እንዴት ትስቅብኝ ነበር መሰለሽ፣ ቤዚ። እንዴት አድርጋ ትስቅብኝ ነበር።"

የዚያን ቀን ተረኛው በረከት ነበር። የመጀመሪያው ዋስነቱ ነው፤ ባዶ እጁን መጣ።

"ሸክላ የለኝም" አለ። "ፈልጌ አጣሁ። እኔ መስማት የምፈልገው ያንን ነው። የልጆቹን። ከሸክላው ሳይሆን ከራሱ።"

"ከራሱ ማለት?" አለ ናቲ።

በረከት የናቲን ወገብ በአገጩ አመለከተ። እዚያ ላይ የሦስቱ ሕንፃዎች ዋና የኤሌክትሪክ ሳጥን ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ናቲ ቁልፉን ያዘና ወደኔ ዞረ። ጡረታው ደርሷል ብያለሁ። ያለ ምክንያት መብራት ያጠፋ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን።

"ይሄ ነገር ያለ ዋስ አይሆንም" አለ። "የልጁ ተራ ነው፣ ግን መብራት ጠፍቶበት አያውቅም፤ ያልሰማውን እንዴት ዋስ ይሆናል? ዋሱ ማን ነው?"

"እኔ" ብዬ ተነሳሁ።

ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ግቢው ወጣሁ። ፀሐይዋ ጠልቃ ሰው ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው። መስኮቶቹ ሁሉ በርተዋል፤ ከአንዳቸውም ድምፅ አይሰማም። ወንበሬን ግቢው መሃል አስቀምጬ ፊቴን ወደ ሕንፃዎቹ አድርጌ ተቀመጥኩ። በረከት በሩ ጋ ቆሞ ለናቲ ምልክት ሰጠ።

ጠፋ።

ሦስቱም ሕንፃ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የምቹው ማስተላለፊያ ጣሪያው ላይ ነው፤ እሱም አብሮ ጠፋ፣ ጆሮውም ሁሉ ዝም አለ። ለጥቂት ጊዜ የተንቀሳቀሰ የለም። ከዚያ በሮች መከፈት ጀመሩ። ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሕፃን አለቀሰ፣ ውሻ ጮኸ፣ አንድ ሰው ባልዲ መታ፤ እነዚህን ሁሉ ግቢው በሙሉ ሰማ። ከላይ አንዲት አሮጊት "ጠፋ እንዴ?" አለች። ስንት ዘመኔ ነው ይህችን ቃል ከሰማኋት። ከወዲያኛው ሕንፃ ሌላዋ "በናንተም ጠፍቷል?" ብላ መለሰች። የእኔ እኩዮች ናቸው፤ ፌቨኖቹ፣ ሶልያናዎቹ። ልጆች የኮሪደሩን መከላከያ ብረት ይዘው ቆመዋል፤ "እማዬ፣ ምን ሆነ?" ይላሉ። "ቆይ፣ ይመጣል" ይሏቸዋል። ሰው ከሰው ጋር ያወራ ጀመር። ናቲ መብራቱን ገና አላመጣውም። መግቢያ እኮ ነው፣ ይረዝማል።

ከዚያ መጣ።

መጀመሪያ የጮሁት አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ናቸው። የተሰነጠቀ፣ የጎረነነ፣ የትልልቅ ሰው ድምፅ ከሦስቱም ሕንፃ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ለቅሶው ራሱ። በተሳሳተው ፍጥነት፣ እኛ እንደምናውቀው። ልጆቹ አያቶቻቸውን አፍጥጠው አዩ። ጭንቅላቴን አልነቀነቅኩም፤ ደንብ ነው። እንባዬን ግን ደንቡ አይከለክለውም።

"እንደገና" አለ አንድ ልጅ ከሁለተኛው ፎቅ። "እንደገና አጥፉት።" ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም።

በረከት አየኝ። ናቲ ድጋሚ አጠፋው። በዚህኛው የሚያለቅስ የለም፤ ሦስት ሕንፃ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ሲመጣ ልጆቹ ጮሁ። እግሬ ከወንበሩ አስነሳኝ፣ አብሬያቸው ጮህኩ፤ የቀረውን ደንብ ያኔ አፈረስኩ።

ዛሬ ጠዋት መጥሪያ ደርሶኛል። ቢሮው ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ጠይቆ ሁሉም የኔን ስም ጠርተዋል፤ ደንቡን በረከት በየኮሪደሩ ሲያስተምር ነው የሰነበተው። ክሱ "ሦስት ሕንፃ ነዋሪ ያለ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ እንዲሰማ በማድረግ" ይላል። ልክ ነው፣ የሚታረም የለውም። የሚወገድ ሸክላ ግን በዚህኛው የለም፤ መፍጫው ውስጥ ምን እንደሚከቱ እነሱ ይጨነቁበት።

ነገ እሄዳለሁ። ዋሱ ማን ነው ካሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ። ነቀፋ ይቀድማል ካሉም አለኝ፤ ያን ምሽት ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ልጅ በብረቱ ላይ ተንጠልጥላ ቁልቁል፣ "ጨለማው ይረዝማል" ብላኛለች። ተቀብያታለሁ። በሚቀጥለው እናሳጥረዋለን።